የጾም ምግብ ይጠቅመዋል፣ ባዶ ሆድ ግን ይጎዳዋል፦ ስለ ሬፍሱም ሕመም የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ ከስድስት ኪሎና ከጥቁር አንበሳ የመጣችሁ የሕክምናና የነርሲንግ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ! በቅዳሜ ከሰዓት የፒያሳን ግፊያ አልፋችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን። ወንበር ያላገኛችሁ ወደፊት ጠጋ በሉ፤ እዚህ ጥግ ክፍት ቦታ አለ።

የዛሬው ርዕሳችን ስሙን አብዛኞቻችሁ ሰምታችሁት የማታውቁት በሽታ ነው። ሬፍሱም ይባላል። በዘር የሚወረስ ነው፤ እጅግም ብርቅ ነው። «ታዲያ ብርቅ ከሆነ ለምን ይህን ሁሉ ሰው ሰበሰባችሁ?» የሚል አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። በዘር ከሚወረሱ በሽታዎች መካከል ሕክምናቸው በዋናነት ማእድ ቤት ውስጥ ያለ ጥቂቶች ናቸው፤ ይህ ከነሱ አንዱ ነው። ደግሞም የኛ አገር አበላልና አጿጿም ይህን በሽታ በአንድ በኩል ያክመዋል፣ በሌላ በኩል ያባብሰዋል። ይህን ሁለቱንም ሳያውቅ የሚመክር ሐኪም በሽተኛውን ሊጎዳው ይችላል።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ በሽታው ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ምን ይበላ፣ መቼ ይበላ? ሦስተኛ፣ ደም ማጣራቱ እንዴት ነው? ሁለተኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ከወዲሁ ታገሡኝ።

ወደ አንደኛው። ሲግቫልድ ሬፍሱም የኖርዌይ የነርቭ ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ የማታ እይታቸው የደከመ፣ እግራቸው የሰነፈ፣ ሲራመዱ የሚንገዳገዱ በሽተኞችን መርምሮ፣ ይህ ራሱን የቻለ በሽታ ነው ብሎ ጻፈ። ምክንያቱን ግን አላወቀም። እ.ኤ.አ. በ1963 ጀርመን ውስጥ ክሌንክና ካልከ የተባሉ ተመራማሪዎች በእንዲህ ያለ በሽተኛ ሰውነት ውስጥ ፋይታኒክ አሲድ የሚባል ቅባት ተከማችቶ አገኙ። ዋናው ጂን የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው።

ይህ ፋይታኒክ አሲድ ምንድን ነው? 16 ካርቦን ያለው ሰንሰለት ነው፤ በጎኑ አራት ቅርንጫፎች ወጥተውለታል። ሰውነታችን ተራውን ቅባት የሚያቃጥለው ከጫፉ ሁለት ሁለት ካርቦን እየቆረጠ ነው። የዚህኛው አንዱ ቅርንጫፍ ግን ሦስተኛው ካርቦን ላይ ስለተቀመጠ መቁረጫው ይሰናከላል። ስለዚህ በሴሎቻችን ውስጥ ፔሮክሲሶም የሚባለው ክፍል መጀመሪያ አንድ ካርቦን ብቻ ያነሳለታል፤ ከዚያ በኋላ እንደሌላው ቅባት ይቃጠላል። የሬፍሱም በሽተኛ ይህን የመጀመሪያውን ሥራ የሚሠራው ኢንዛይም ይጎድለዋል። ጥቂት መጠን ብቻ በሌላ ጠባብ መንገድ፣ ከተቃራኒው ጫፍ ጀምሮ፣ ይወጣለታል። የቀረው በስብ፣ በጉበት፣ በነርቭ፣ በዓይን ውስጥ ይከማቻል።

አሁን ዋናውን ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ይህ ቅባት ከየት ይመጣል? ሰውነታችን ይሠራዋል? አይሠራውም! አንድም ጠብታ አይሠራም። ሁሉም የሚመጣው ከምንበላው ነው። ሣርና ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል ፋይቶል የሚባል ጭራ አለው። ላም፣ በግ፣ ፍየል ሣር ሲበሉ፣ በጨጓራቸው ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ይህን ጭራ ይቆርጡታል፤ እሱም ወደ ፋይታኒክ አሲድ ተለውጦ በሥጋቸው ስብና በወተታቸው ውስጥ ይቀመጣል። ቅቤውም፣ ጮማውም፣ ወተቱም ይዞታል።

«ታዲያ ጎመን መከልከል የለበትም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አይከለከልም። የሰው አንጀት የክሎሮፊልን ጭራ እንደ ላም መቁረጥ አይችልም፤ እንዳለ ያልፋል። ድሮ፣ ይህ በደንብ ሳይታወቅ፣ በሽተኞች አረንጓዴ አትክልት ሁሉ ይከለከሉ ነበር። ዛሬም አሮጌ ወረቀት አንብቦ ቆስጣና ጎመን የሚከለክል ባለሙያ አይጠፋም። ያ ክልከላ በሽተኛውን ያለ ምክንያት ማስራብ ነው።

በሽታው እንዴት ይጀምራል? ብዙውን ጊዜ በዳፍንት ነው። ልጁ ሲመሽ ዕቃ ይገጨዋል፣ መብራት ሲጠፋ ከሌሎቹ ይልቅ ይደናበራል። ቀጥሎ የእይታው ጠርዝ እየጠበበ ይመጣል። ማሽተት ይጠፋል። እዚህ ላይ ተማሪዎች አድምጡኝ፦ በሽተኛውን «ታሸታለህ ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁት «አዎ» ይላችኋል። «ቡና ሲቆላ ጓዳ ሆነህ ይታወቅሃል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። እናቱን ጠይቋት። መልሱ ያኔ ይለወጣል። ከዚያ የእግር መደንዘዝና መድከም፣ መንገዳገድ፣ የመስማት መቀነስ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚፈረፈር ደረቅ ቆዳ ይመጣል። አንዳንዶቹ ላይ ከመወለድ ጀምሮ የእጅ ወይም የእግር ጣት አጥንት ያጥራል፤ አራተኛው የእግር ጣት ወደ ኋላ የገባ ይመስላል። ካልሲውን አስወልቃችሁ ካላያችሁ አታገኙትም። የሚገድለው ግን ልብ ነው፤ የልብ ምት መዛባት።

አሁን አስቡት። ዳፍንት ያለው ልጅ ጤና ጣቢያ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታሰበው የቪታሚን ኤ እጥረት ነው፤ ትክክልም ነው፣ እሱ እጅግ ይበዛል። እግሩ የደነዘዘ ሰው ሲመጣ ስኳር ይታሰባል፣ ሥጋ ደዌ ይታሰባል። የጀርባ ፈሳሹ ተቀድቶ ፕሮቲኑ ከፍ ብሎ ነጭ ሴሉ ግን ሳይጨምር ሲገኝ፣ «የነርቭ ሽፋን ብግነት ነው» ተብሎ ስቴሮይድ ይጀመርለታል። እያንዳንዱ ግምት ለብቻው ያስኬዳል። ዳፍንቱ፣ አፍንጫው፣ እግሩ፣ ቆዳው አንድ ላይ ሲቆሙ ግን ሌላ ነገር ይናገራሉ።

ምርመራው የደም ነው። ፕላዝማው፣ ማለትም የደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ ተለይቶ፣ በረዶ ሆኖ፣ ጋዝ ክሮማቶግራፊ የሚባለው ቅባቶችን ለይቶ የሚለካ መሣሪያ ወዳለው ላቦራቶሪ ይላካል። ስትልኩ ፋይታኒክ አሲድ ብቻ አትጠይቁ፤ ፋይታኒኩ አንድ ካርቦን ሲነሳለት የሚሆነውን፣ ፕሪስታኒክ አሲድንም ጠይቁ። ለምን? ፔሮክሲሶሙ በጠቅላላ የተበላሸባቸው ሌሎች በሽታዎችም ፋይታኒክን ያስነሳሉ፤ እነሱ ላይ ፕሪስታኒኩም ሊነሳ ይችላል። በሬፍሱም ግን ፋይታኒኩ ጣሪያ ነክቶ ፕሪስታኒኩ ዝቅ ያለ ወይም ደኅና ይሆናል። የጤነኛ ሰው ፋይታኒክ በሊትር ከ10 ማይክሮሞል ብዙም አያልፍም፤ የሬፍሱም በሽተኛ አብዛኛውን ጊዜ ከ200 በላይ ነው። «የሕፃናት ሬፍሱም» የሚባለው ደግሞ ሌላ በሽታ ነው፤ በስም ተመሳስሎ እንዳያሳስታችሁ።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ እንሻገር። ወደ ድስቱ!

በአውሮፓ ተራ አበላል የሚበላ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ሚሊግራም ፋይታኒክ አሲድ ይወስዳል ተብሎ ይገመታል። የበሽተኛው ግብ በቀን ከ10 ሚሊግራም በታች ነው። አሥር ሚሊግራም! ይህ ምን ያህል ነው? አብረን እናስላው። የወተት ስብ ውስጥ ያለው ፋይታኒክ አሲድ እንደ ከብቱ መኖ ይለያያል፤ በመቶ ከ0.1 እስከ 0.5 እንያዘው። በሣር የሚሰማራ ከብት ወደ ላይኛው ይጠጋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ 14 ግራም ገደማ ነው፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ስብ ነው። ስለዚህ አንዷ ማንኪያ ከ14 እስከ 70 ሚሊግራም ትይዛለች። አንዲት ማንኪያ! የቀኑ ድርሻ አለቀ፤ አልፎም ሄደ። ክትፎ ላይ ስንት ማንኪያ ይገባል? እናንተው ታውቁታላችሁ።

እዚህ ፒያሳ ስለሆንን ማኪያቶንም እናስላ። 100 ሚሊሊትር ስቡ ያልወጣለት ወተት 3.5 ግራም ያህል ስብ አለው። በዚያው ሒሳብ ከ3.5 እስከ 17.5 ሚሊግራም ነው። ጠዋት አንድ፣ ከሰዓት አንድ ከጠጣ ምሳው ላይ ምንም ባይነካ እንኳ ገደቡን ሊያልፍ ይችላል። ጥቁር ቡና ይጠጣ፤ ወይም በአኩሪ አተር ወተት የሚሠራውን የጾም ማኪያቶ ይዘዝ። ኬክ ቤት ሲገባም የጾሙን ይጠይቅ።

እንግዲህ የሚከለከለውን ልናገር። የሚያመሰኳ እንስሳ ሥጋና ስብ በሙሉ፦ በሬ፣ በግ፣ ፍየል፣ ግመልም። «ቀይ ነው፣ ጮማ የለውም» የሚለውን ክርክር አልቀበልም፤ ቀዩም በውስጡ ስብ አለው። ዱለት፣ ምላስ ሰንበር፣ ቅልጥም ይቀራሉ። ቅቤ፣ ወተት፣ እርጎ፣ ክሬም፣ የፈረንጅ አይብ ይቀራሉ። የኛ አይብ ከአሬራ ስለሚወጣ ስቡ ያነሰ ነው፤ ግን የለውም አይባልም። በደሙ ውስጥ ያለው የፋይታኒክ መጠን እስኪወርድ ይተወው፤ በኋላ ከምግብ ባለሙያው ጋር ይነጋገርበት።

ዓሣስ? ዓሣ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በጾም ዓሣ የሚበላ ስለሚበዛ «የጾም ነው፣ ቅቤ የለውም» ተብሎ ይታለፋል። የባሕር ዓሣ ስብ ግን ፋይታኒክ አሲድ ይይዛል፤ እነሱም ከባሕር ተክል ጀምሮ በመብል ሰንሰለት ያገኙታል። በቆርቆሮ የሚሸጡት ቱናና ሰርዲን፣ የዓሣ ዘይት እንክብልም ጭምር፣ ከዝርዝሩ ይውጡ።

የሚፈቀደው ደግሞ፣ ደስ የሚለው፣ ሰፊ ነው። እንጀራ በነፃነት። ምጣዱ የሚታሰሰው በጎመን ዘር ነውና ችግር የለውም። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ አልጫ፣ ሱፍ ፍትፍት፣ ጎመን፣ ፎሶልያ፣ ድንች፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ማር። የኑግ፣ የሱፍና የአኩሪ አተር ዘይት። በእህል ያደገች ዶሮ ትፈቀዳለች፤ እንቁላልም በልክ። ዶሮ ወጥ ይበላል ማለት ነው! ግን በዘይት የተቁላላ። ፋሲካ ለፋሲካ «ለዛሬ ብቻ» ተብሎ በቅቤ አይሠራ። ሌላው ቤተሰብ በቅቤ መብላት ከፈለገ፣ ወጡ በዘይት ተሠርቶ የሱ ድርሻ ከወጣ በኋላ በቀረው ላይ ቅቤ ይጨመር። ማማሰያውም ይለይ። ከቅቤው ድስት የወጣ ማማሰያ ወደ ዘይቱ ድስት ሲገባ ግራም ባይሞላም፣ ገደባችን በሚሊግራም ነው።

የተደበቀውንም ላስታውሳችሁ። ምግብ ቤት «የጾም ሽሮ» ተብሎ በፍስክ ቀን ሲታዘዝ፣ አብሳይዋ ለጣዕም ብላ ቅቤ ጣል ታደርግበታለች። በክፋት አይደለም፤ ለኛ ቅቤ የክብር ምልክት ነው። ሰርግ ቤት፣ ዝክር ቤት «ትንሽ ቅመስ፣ በሞቴ!» የሚል አክስት አይጠፋም። ጉርሻ ሲመጣስ? በሽተኛው ብቻውን አይቋቋመውም። ስለዚህ ምግቡን የምታበስለው እናት ወይም ሚስት ብቻ ሳትሆን ዘመድ ሁሉ ይነገረው። «ቅቤ አልወድም» ብሎ መዋሸት ጉርሻውን አያስቀርም፤ «ቅቤ ልቤን ያቆመዋል» ማለት ያስቀረዋል። እውነትም ነው።

እስካሁን ያልኩትን የሰማ ሰው ምን ይላል? «እንግዲያው መፍትሔው ጾም ነው! ዓመቱን ሙሉ ይጹም!» ይላል። እኔም የፈራሁት ይህን ነው። እባካችሁ አድምጡኝ። የጾም ምግብ ይጠቅመዋል። ባዶ ሆድ ግን ይጎዳዋል። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ለምን? በዓመታት የገባው ፋይታኒክ አሲድ የት ነው ያለው? አብዛኛው በሰውነት ስብ ውስጥ ነው። ስቡ እንደ ጎተራ ነው፤ እህል እስከገባለት ድረስ ዝም ብሎ ተዘግቶ ይቀመጣል። ሰውየው ሲራብ ሰውነቱ ጎተራውን ይከፍታል፤ ስቡ ሲወጣ ፋይታኒክ አሲዱም አብሮት ወደ ደም ይፈስሳል። በቅቤ ሳይሆን በረሃብ ምክንያት የደሙ መጠን በቀናት ውስጥ ይተኮሳል። እግሩ ይይዘዋል፣ ልቡ ይዛባል። በሽተኛው ሐኪም ቤት ሲደርስ «አንድም ነገር አልበላሁም እኮ!» ይላል። እውነቱን ነው። ችግሩም እሱ ነው።

ስለዚህ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ መዋል ለዚህ ሰው አይሆንም። በሰሙነ ሕማማት ማክፈል ፈጽሞ አይሆንም። ጸበል የሚሄድም አለ፤ ጸበሉን አልቃወምም፣ የምቃወመው በባዶ ሆድ እየዋሉ ቀናት መቁጠሩን ነው። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችንም ረመዳንን ከንጋት እስከ ጀምበር መጥለቅ መጾም ለዚህ በሽተኛ ያው ጉዳት ነው። በሁለቱም ሃይማኖት ለበሽተኛ ፈቃድ አለ። ንስሐ አባቱን ያነጋግር፣ ሸኹን ይጠይቅ፤ ሐኪሙም በጽሑፍ ይስጠው፦ «ከሥጋና ከቅቤ ይከልከል፣ ከምግብ ሰዓት ግን አይከልከል»። ብዙ ካህን ይህን ሲሰማ እፎይ ይላል፤ የመብሉ ጾም ተጠብቆለታልና።

በተግባር እንዴት ይበላ? ሲነቃ ቁርስ፦ ገንፎ በዘይት፣ ቂንጬ በዘይት፣ ፉል ያለ ቅቤ፣ ወይም ዳቦ በማር። ረፋድ ላይ ቆሎ ወይም ሙዝ። ምሳ፣ መክሰስ፣ እራት። ከመተኛቱ በፊት ደግሞ አንድ ዳቦ ወይም አንድ ሳህን አጃ፤ ይህ የሌሊቱን ክፍተት ለማሳጠር ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን ከ1,800 እስከ 2,100 ካሎሪ ያስፈልገዋል፤ ሥጋና ቅቤ ሲወጣ ይህ ይጎድላልና በዘይትና በእህል ይሞላ። በሳምንት አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ሚዛን ይመዘን። ክብደቱ እየቀነሰ ከሆነ ምግቡ ትክክል ነው ብላችሁ አትደሰቱ፤ ጎተራው እየተከፈተ ነው። በውፍረት ምክንያት መቀነስ ካለበትም በጣም በዝግታ፣ ደሙ እየተመረመረ ይሁን።

ምግቡ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የደሙ መጠን ከፍ ሊል ይችላል። ምክንያቱ ይኸው ነው፤ አዲሱ ምግብ አልጣፈጠውም፣ ትንሽ በላ፣ ከሳ። ያኔ ቤተሰቡ «አልሠራም» ብሎ ወደ ቅቤው ይመለሳል። አትመለሱ! መጠኑ የሚወርደው በወራት ነው፣ ሙሉ በሙሉ እስኪረጋ ዓመታት ይወስዳል።

ሥጋና ወተት ለተወ ሰው ቪታሚን ቢ12፣ ካልሲየምና ቪታሚን ዲ በመድኃኒት መልክ ይሰጠው። ለራስ ምታትም ሆነ ለጉልበት ሕመም አይቡፕሮፌን አይውሰድ፤ ሰውነት እሱን የሚለውጥበት ኢንዛይም የነዚህ ቅርንጫፋም ቅባቶች መፍጫ መንገድ ላይም ይሠራልና ይሻሙበታል። ፓራሲታሞል ይበቃዋል። ተቅማጥ ወይም ትውከት ይዞት መብላት ካቃተው ቤት አይጠብቅ። ተረኛው ሐኪም ተራ ሳላይን ሰጥቶ አይሸኘው፤ ሳላይን ካሎሪ የለውም። 10 ፐርሰንት ግሉኮስ ይግባለት፣ ኢሲጂ፣ ማለትም የልብ ምት ምርመራ፣ ይነሳ።

አሁን ወደ ሦስተኛው፣ ወደ ደም ማጣራቱ።

መጀመሪያ አንድ ስሕተት እናርም። «ደም ማጣራት» ሲባል ሁላችንም የምናስበው የኩላሊት ዳያሊሲስ ነው። ተራ ዳያሊሲስ ለዚህ በሽታ አይሠራም። ፋይታኒክ አሲድ ደም ውስጥ ብቻውን አይሄድም፤ ከኮሌስትሮል ጋር በትልልቅ የቅባት ቅንጣቶች ተጭኖ ነው። የዳያሊሲስ ማጣሪያ ቀዳዳ ዩሪያንና ፖታሲየምን ያሳልፋል እንጂ እነዚህን አያሳልፍም። አራት ሰዓት አስተኝታችሁት ምንም አታወጡለትም። የሚያስፈልገው ፕላዝማውን ራሱን ከደም ሴሎቹ የሚለይ ማጣሪያ ነው። አንዳንድ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ማሽኖች ማጣሪያው ከተቀየረላቸው ይህን ይሠራሉ፤ ስለዚህ «ማሽን አለን» ሲሏችሁ «የፕላዝማ ማጣሪያውስ አለ? በወጣው ፕላዝማ ፋንታ የሚተካው የደም ፕሮቲን፣ አልቡሚኑስ?» ብላችሁ ጠይቁ።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ለንደን ውስጥ ነው ምግብና የፕላዝማ ልውውጥ፣ ማለትም አሮጌውን ፕላዝማ አውጥቶ በሌላ ፈሳሽ መተካት፣ ተቀናጅተው ለዚህ በሽታ መሰጠታቸው የተዘገበው። የሚደረገው መቼ ነው? ልቡ ሲዛባ፣ ድካሙ በፍጥነት ሲጨምር፣ የደሙ መጠን እጅግ ሲያሻቅብ፣ ምግቡ ብቻውን ሳያወርደው ሲቀር።

አንድ ሒሳብ እንሥራ። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 4.2 ሊትር ያህል ደም አለው፤ ከዚያ 2.3 ሊትሩ ፕላዝማ ነው። ፋይታኒኩ በሊትር 800 ማይክሮሞል ቢሆን፣ በጠቅላላ ፕላዝማው ውስጥ ያለው 0.57 ግራም ገደማ ነው። አንድ ሙሉ የፕላዝማ መጠን ስንለውጥ፣ አዲሱ ከአሮጌው ጋር እየተቀላቀለ ስለሚሄድ፣ የሚወጣው 63 በመቶው ነው፤ 0.36 ግራም። አንድ ተኩል ብንለውጥ ደግሞ 78 በመቶ። ይህ ስንት ቀን የሚበላ ነው? ቅቤና ሥጋ የሚበላ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ሚሊግራም የሚወስድ ከሆነ፣ ያ ሁሉ ወጪ፣ ያ ሁሉ መርፌ፣ ያ ሁሉ አልቡሚን ያወጣው ከአራት እስከ ሰባት ቀን የሚበላውን ብቻ ነው! ምግቡን ሳያስተካክል ማሽን ላይ የሚተኛ ሰው ገንዘቡን እያፈሰሰ ነው። ይህን ለቤተሰቡ በቁጥር አስረዱት፤ በምክር ያልገባው በቁጥር ይገባዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሽተኛው በልቶ ይምጣ፤ «ለምርመራ ነው» ብላችሁ አታስርቡት። የደም ግፊቱ መድኃኒት ኢናላፕሪል ወይም የሱ ዘመድ ከሆነ፣ ከ24 ሰዓት በፊት ሐኪሙ ያቋርጥለት፤ አለዚያ ማሽኑ ላይ ግፊቱ ዱብ ሊል ይችላል። ሌሎቹን መድኃኒቶች ከልውውጡ በኋላ ይውሰድ፤ ቀድሞ ከወሰደው ከፕላዝማው ጋር ይወጣል። ከመጀመሩ በፊት ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ደም የሚያረጋው ፕሮቲን ፋይብሪኖጅን ይታይ።

ተተኪው ፈሳሽ 5 ፐርሰንት አልቡሚን ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው 20 ፐርሰንቱ፣ ባለ 100 ሚሊሊትሩ ጠርሙስ ነው። ለ2.3 ሊትር ስድስት ጠርሙስ ይፈልጋል፤ እያንዳንዱ በ300 ሚሊሊትር ኖርማል ሳላይን ይቀጥናል። በሳላይን! በንጹሕ ውኃ ያቀጠኑ ሰዎች የበሽተኛውን ቀይ ሴሎች አፈንድተዋል፤ ይህ በሕክምና ጽሑፍ የተመዘገበ አደጋ ነው። ነርሶች ይህን መድኃኒት ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

ከዚያ ደሙ በወፍራም መርፌ ወይም ባለ ሁለት ቀዳዳ ካቴተር ይወጣል፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 150 ሚሊሊትር። የሚለየው ፕላዝማ ከደሙ ፍሰት ከአምስት አንድ ገደማ ይሁን። ልፍጠን ብሎ አብዝቶ የሚስብ ሰው ማጣሪያውን ይደፍነዋል፤ ቀይ ሴሎቹም ይፈነዳሉ። ከረጢቱ ውስጥ የሚገባው ፕላዝማ ቢጫ ነው፣ ቅባት ከበዛበትም ደፍርሶ ነጣ ይላል። ወደ ሮዝ ከቀየረ ቶሎ አቁሙ፤ ሴል እየፈነዳ ነው ወይም ማጣሪያው ተቀዷል። ጠቅላላው ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይወስዳል።

ደሙ ማሽኑ ውስጥ እንዳይረጋ የሚሰጠው ሲትሬት የሚባል መድኃኒት ካልሲየምን ይይዛል። በሽተኛው «ከንፈሬን ነዘረኝ፣ ጣቴን ቆነጠጠኝ» ካለ ፍርሃት ነው ብላችሁ አትለፉት። ፍሰቱን ቀንሱ፣ 10 ሚሊሊትር የ10 ፐርሰንት ካልሲየም ግሉኮኔት በአሥር ደቂቃ ቀስ ብሎ ይሰጠው። የነዚህ ሰዎች ልብ ከመነሻውም ደካማ ስለሆነ የኢሲጂው ሽቦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይነቀል።

በአጣዳፊ ጊዜ አንድ ቀን እየተዘለለ ይደረጋል። በየቀኑ ያልሆነው አልቡሚን የደም ማርጊያውንም የበሽታ መከላከያውንም ስለማይተካ፣ ሰውነት የሚያገግምበት ጊዜ ስለሚያስፈልግ ነው። በልውውጦቹ መካከል ከስብና ከጉበት አዲስ ፋይታኒክ ወደ ደም ይመለሳል፤ ሁለተኛው ልውውጥ ሲደርስ መጠኑ ከፍ ብሎ ብታገኙት አትደንግጡ። በኋላ በሳምንት፣ ከዚያ በወር እየተራራቀ፣ ምግቡ ሲይዝ ይቆማል። ሁለት ማጣሪያ ተከታትሎ ያለው አሠራርም አለ፦ ሁለተኛው ትልልቁን የቅባት ቅንጣት አስቀርቶ የሰውየውን የራሱን አልቡሚን ይመልስለታል። ያለበት ቦታ የሚታከም ዕድለኛ ነው፤ የአልቡሚኑ ወጪ ይቀልለታል።

ምን ይድናል? እዚህ ላይ ሐቁን መናገር ይገባል። ቆዳው ይለሰልሳል፣ የእግሩ ጉልበት በብዙ ይመለሳል፣ መንገዳገዱ ይቀንሳል፣ የልቡ አደጋ ይርቃል። የጠፋ እይታ፣ የጠፋ መስማት፣ የጠፋ ማሽተት ግን ብዙውን ጊዜ አይመለሱም፤ ጥፋቱ እንዲዘገይ ነው የምናደርገው። ይህን ቀድማችሁ ካልነገራችሁት፣ በስድስተኛው ወር «ዓይኔ አልበራም» ብሎ ሁሉንም ይተወዋል።

ስለዚህም ወንድምና እህት መመርመር አለባቸው። በሽታው የሚመጣው ጉድለቱን ከእናትም ከአባትም ለወረሰ ልጅ ነው። ወላጆቹ ጤነኞች ናቸው፣ ምንም አያውቁም። በእያንዳንዱ እርግዝና ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ዘመድ ከዘመድ ሲጋባ ይጨምራል፤ ሰባት ቤት የሚቆጥሩት አባቶቻችን በዚህ በኩል ጥሩ ሥራ ሠርተዋል። አንድ ልጅ ከተገኘ፣ ዓይናቸው ገና ደኅና የሆነው ታናናሾቹ በዚያው ሳምንት ደማቸው ይላክ። ከመታመማቸው በፊት ቅቤው ከቀረላቸው ዓይናቸውን ማቆየት ይቻላል።

በመጨረሻ፣ ለበሽተኛው ኪስ የምትሆን ካርድ ሥሩለት። በአማርኛም በእንግሊዝኛም አራት መስመር ትበቃለች፦ የበሽታው ስም፤ «አታስርቡኝ፣ መብላት ካልቻልኩ 10 ፐርሰንት ግሉኮስ ስጡኝ»፤ «አይቡፕሮፌን አትስጡኝ»፤ «ኢሲጂ አንሱ»። ለቀዶ ሕክምና ሲገባም ለማደንዘዣ ባለሙያው ይህችኑ ያሳይ፤ «ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም አትብላ» የሚለው ትእዛዝ ለሱ ግሉኮስ ተሰክቶለት እንጂ እንዲሁ አይሠራም። እርጉዝ ሴት ከሆነች የሚያዋልዷትም ይወቁት፤ ምጥ ረጅም ረሃብ ነው።

ስለታገሣችሁኝ አመሰግናለሁ። ማይኩ ከኋላ በኩል ይጀምር፤ መጀመሪያ እዚያ ጥግ እጃቸውን ያወጡትን እናት እንስማ።